ከፊልተር እስከ ጣሪያ፦ የምግብ ቤት ጭስ መሳቢያ እንዴት ይጸዳል፣ እሳትስ እንዴት ይጠበቃል

ደብረ ብርሃን ላይ ጭስ መሳቢያ እንዳጸዳ ወደ ተጠራሁበት ኩሽና ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው መሰላል ነው። ባለቤቱ ግራ ይጋባሉ። «ሁዱማ ይኸውና፤ ልጆቹ ማታ ማታ ይወለውሉታል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ላሜራው ፊት ያሳያል። እኔ ግን ከሁዱ፣ ማለትም ከምድጃው በላይ ከተሰቀለው የጭስ መቀበያ፣ የቅባት ማጥለያውን ፊልተር አውጥቼ እጄን ወደ ላይ፣ ጭሱን ወደ ጣሪያ የሚያወጣው የላሜራ ቱቦ፣ ዳክቱ፣ ወደሚጀምርበት አንገት እሰዳለሁ። ጣቴ ሲመለስ ዝፍት የመሰለ ነገር ጠርጎ ይመጣል። ሁዱ ከውጭ ሲያዩት ሙሽራ ነው፤ ውስጡን ለቄስ።

እሳት የሚነሳው ምድጃው ላይ ነው። ቤቱን የሚያነደው ግን ከፊልተሩ በላይ፣ ማንም በማያየው ቦታ የተጋገረው ቅባት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ከፊልተሩ በታች ስላለው ጥቂት፣ በላይ ስላለው ብዙ እላለሁ። የጻፍኩት ለሆቴልና ለምግብ ቤት ባለቤቶች፣ ለኩሽና ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ብየዳና ላሜራ ችለው ይህን ሥራ መያዝ ለሚፈልጉ ልጆች ነው።

ቅባቱ የት ያርፋል?

ሥጋ ወይም ድንች ሲጠበስ ከመጥበሻው የሚነሳው ጭስ ብቻ አይደለም። የዘይትና የሞራ ትነት፣ እንፋሎት፣ ደቃቅ የቅባት ጠብታም አብሮ ይወጣል። ፊልተሩ ከፊሉን ይይዛል። የቀረው ዳክቱ ውስጥ ገብቶ ቀዝቃዛ ላሜራ ባገኘበት ቦታ ይረጋል። ያ ቦታ የት እንደሆነ የሚወስነው አገሩ ነው። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ፣ ከጣሪያ ቆርቆሮው በላይ የወጣው የዳክቱ ጫፍ እጅ አያስነካም፤ ቅባቱም የሚከማቸው እዚያ፣ ጭሱን ከሚስበው ማራገቢያ፣ ከፋኑ ሥር ነው። ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ግን ሙቀቱ ቅባቱን አያስረጋውም፤ በዳክቱ ግድግዳ ወርዶ በመጋጠሚያው ይንጠባጠባል። ስለዚህ ስፈትሽ ደጋ ላይ መጀመሪያ ጣሪያ እወጣለሁ፣ ቆላ ላይ መጀመሪያ መጋጠሚያውን በባትሪ አያለሁ።

ቅባትም ከቅባት ይለያል። የበሬ ሞራ ሲቀዘቅዝ እንደ ሻማ ይደርቃል እንጂ ሙቅ ውሃ ሲያገኘው ይለቃል። የምግብ ዘይት ግን ሙቀትና አየር ሲደጋገምበት ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻ ጥቁር ቫርኒሽ ይሆናል። ብዙ ባለቤት በሁዳዴ ኩሽናው የሚያርፍ ይመስለዋል። ያረፈው ሥጋው ነው። ሳምቡሳው፣ ዓሣው፣ ድንች ጥብሱ በዘይት ውስጥ ነው የሚዋኘው። ከፋሲካ ማግስት የምፍቀው ቅባት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ግትር የሚሆንብኝ ለዚህ ነው።

የምግብ ዘይት 360 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይቀጣጠላል። ነበልባሉ በፊልተሩ አልፎ ከላይ ያለውን ቅባት ከነካ ፋኑ ይስበዋል፣ ዳክቱም ራሱ ምድጃ ይሆናል። ላሜራው ይግላል፤ አጠገቡ ችፑድ ኮርኒስ ወይም የባሕር ዛፍ ማገር ካለ ተያያዘ ማለት ነው። ታች ያሉት ሰዎች የመጥበሻውን እሳት አጥፍተው እፎይ ሲሉ እላይ ኮርኒሱ ውስጥ ሌላ እሳት እየሄደ ነው።

በስንት ጊዜ ይጸዳል?

በዓለም ላይ በዚህ ጉዳይ አብዝቶ የሚጠቀሰው የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር መስፈርት ቁጥር 96 ነው። የእኛ አገር ሕግ አይደለም፤ ግን የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም፣ እኔም የምሠራው በእሱ ነው። በመስፈርቱ መሠረት በከሰል ወይም በእንጨት የሚያበስል ኩሽና በየወሩ ይፈተሻል። ቀን ከሌት የሚሠራ ወይም ጥብሱ የበዛበት በየ3 ወሩ፣ መካከለኛ ሥራ ያለው በየ6 ወሩ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያበስል ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ። ሲፈተሽ የቅባቱ ውፍረት ዳክቱ ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ቀኑ ቢደርስም ባይደርስም ይጸዳል። መለኪያው ቀላል ነው፤ በጥፍር ወይም በስፓቱላ ጫፍ እስከ ላሜራው ድረስ አንድ መስመር ፋቁና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቁራጭ ከጎኑ አስጠጉ። ቅባቱ ከብረቱ እኩል ከሆነ ጊዜው አልፏል።

«በየ3 ወሩ» የሚለው ወረቀት ላይ ጥሩ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ቀኑን የሚያስታውስ ሰው የለም። ለደንበኞቼ ቀኑን ከጾሙ ጋር አስሬዋለሁ። ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ግንቦት መጨረሻ፣ ጳጉሜን ላይ፣ እና ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ። እነዚህ በግምት በ3 በ3 ወር ይራራቃሉ። ጥብስ ቤት በጾም መግቢያ ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ኩሽናውን ለአንድ ሌሊት መዝጋት አያሳዝንም። ከሳምንቱ ቀን ደግሞ የምመርጠው የማክሰኞን ወይም የሐሙስን ሌሊት ነው። በማግስቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ስለሆነ ጥብስ ፈላጊው ይቀንሳል፤ ሥራው ቢያመሽ እንኳ ጠዋት የሚያጣድፍ የለም።

ሸክላ ጥብስ በከሰል የሚያቀርብ ቤት ግን ይህ አይሠራለትም። የከሰል ጥቀርሻ ከሞራ ጋር ሲቀላቀል ደረቅ ጭራሮ እንደማለት ነው፤ ፍንጣሪውም ከታች ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል። በየወሩ፣ ያለ ማመካኛ።

መጀመሪያ አሠራሩን ፈትሹ

ተጣሞ የተሠራን ሁድ ማጽዳት ትርፉ ድካም ነው። የብዙ ኩሽና ሁድ የሠፈር ላሜራ ቤት የሠራው ነው። ጥሩ የሚሠሩ አሉ፤ የጣሪያ አሸንዳ የሚሠሩ መስሏቸው የሚሠሩም አሉ።

ዳክቱ በሙሉ ውሃ እንዳያሳልፍ ሆኖ መበየድ አለበት። በሪቬት ተያይዞ በሲሊኮን የተደፈነ ከሆነ ቅባት ያሳልፋል፣ እሳትም ያሳልፋል። ላሜራው ጥቁር ብረት ከሆነ ከ1.4 ሚሊ ሜትር፣ ስቴንለስ ከሆነ ከ1.1 ሚሊ ሜትር ባይሳሳ መልካም ነው። ሁዱም ዳክቱም ከእንጨት፣ ከችፑድና ከማንኛውም ተቀጣጣይ ነገር 45 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። በእኛ አገር አዘውትሮ የሚጣሰው ይህ ነው፤ ዳክቱ ኮርኒሱን በስቶ ሲያልፍ ችፑዱ ላሜራውን እቅፍ አድርጎት አገኛለሁ። መፍትሔው ዙሪያውን ቆርጦ ክፍተቱን በላሜራና በማይቀጣጠል ነገር መዝጋት ነው። ስፖንጅና ፎም ለዚህ አይሆኑም።

ፊልተሩ እንደ ወንፊት የተጠላለፈ ሽቦ ከሆነ ለውጡት። እሱ ለቤት ኩሽና ነው፤ ቅባቱን ይዞ ያስቀራል፣ ሲቀጣጠልም እንደ ፈትል ይነዳል። ለንግድ ኩሽና የሚሆነው ቅጠል ቅጠል ሆኖ የተደረደረው፣ አየሩን አጣምሞ ቅባቱን ወደ ታች የሚያንጠባጥበው ዓይነት ነው። ሲገጠም ከ45 ዲግሪ ያላነሰ ዘንበል ብሎ፣ ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ፣ ከሥሩ የቅባት መያዣ ኖሮት። ከምድጃው 45 ሴንቲ ሜትር፣ ከከሰል ደግሞ 1.2 ሜትር ይራቅ።

ድንች መጥበሻው ከክፍት ነበልባል 40 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ቦታ ከሌለ በመሃላቸው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የብረት መከለያ ይበየድ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ግን ሠርቶ የማገኘው ጥቂት ሰው ነው።

የጋዝ ሲሊንደር ኩሽና ውስጥ፣ ከምድጃው ሥር አይቀመጥም። ውጭ፣ አየር በሚያገኝ የሽቦ ቤት ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቁም። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ አጠገቡ የፍሳሽ ቀዳዳ ወይም ወደ ምድር ቤት የሚወስድ ደረጃ አይኑር። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፣ በክብሪት የሚፈትሸውን ደግሞ ከኩሽና አስወጡት።

የሥራው ሌሊት

ደጋ ላይ ከሆናችሁ ምድጃው በጠፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጀምሩ። እሳቱ ጠፍቶ ላሜራው ገና ለብ ባለበት ጊዜ ቅባቱ እንደ ቅቤ ይፋቃል። «ነገ በጠዋት ትኩስ ሆነን እንሠራዋለን» ያላችሁ እንደሆነ በውርጭ የደረቀ ሞራ ይጠብቃችኋል፤ ድካሙ እጥፍ ነው።

ጋዙን ከሲሊንደሩ ዝጉ። ከሰሉን አውጥታችሁ ክዳን ባለው ብረት ውስጥ፣ ውጭ አስቀምጡ። ብርዱን ፍራቻ ፍሙን ኩሽና ውስጥ ትቶ በር ዘግቶ መሥራት አለ፤ ፋኑ ጠፍቶ፣ ዳክቱ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ፍም ባለበት የተዘጋ ክፍል ውስጥ መቆየት ሽታ በሌለው ጋዝ መመረዝ ነው።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ። ፋኑን በማጥፊያው ማጥፋት አይበቃም፤ ብሬከሩን አውርዱ፣ ሳጥኑን ቆልፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። እኔ ይህን የተማርኩት በመብራት መጥፋት ነው። አንድ ምሽት መብራት ሲጠፋ «እንግዲያውስ ሞተሩ አይነሳም» ብዬ ብሬከሩን ሳልነካ ጣሪያ ወጣሁ። የፋኑን ክንፍ በአንድ እጄ ይዤ እየፋቅሁ ስፓቱላዬ ወድቆ ላነሳው ጎንበስ ስል መብራቱ መጣ። እጄ ያኔ ክንፉ ላይ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ከኪሴ አይወጣም።

ምድጃዎቹን፣ ጠረጴዛውንና ወለሉን በወፍራም ላስቲክ ሸፍኑ። ከሁዱ ጠርዝ ጀምራችሁ ላስቲኩን እንደ ድንኳን አንጠልጥሉትና ጫፉን በርሜል ውስጥ አስገቡት፤ የሚወርደው እጣቢ ሁሉ ወደ በርሜሉ ይሄዳል። የራስ መከላከያ፦ ዙሪያውን የሚዘጋ መነጽር፣ እስከ ክርን የሚደርስ የጎማ ጓንት፣ ቱታ፣ የማያዳልጥ ቦት ጫማ። እነዚህን ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት አሠሪው እንዲጠብቅ ያዛል። «ልጁ ልማዱ ነው፣ በባዶ እጁ ይሠራል» አይባልም።

ሁዱ ውስጥ አውቶማቲክ የእሳት ማጥፊያ ከተገጠመ አፍንጫዎቹን በላስቲክ ሸፍኑ፣ የማስነሻ ሽቦውንም አትሳቡ። የገጠመው ባለሙያ ለጊዜው እንዲያግደው፣ በኋላም እንዲመልሰው ማድረግ ይሻላል። ሽቦው ከተሳበ ኩሽናው በሙሉ በመድኃኒት ይታጠባል፤ እንደገና ማስሞላቱ ደግሞ ከጽዳቱ ዋጋ በላይ ነው።

ፊልተሮቹ

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው፣ በየሳምንቱም የኩሽናው ሰዎች ራሳቸው ሊሠሩት ይገባል። ድንች ጠባሽ ቤት በየማታው ቢሠራው አልበዛም። አውጥቶ በሙቅ ውሃና በላርጎ ወይም በኦሞ መዘፍዘፍ፣ በብሩሽ መፈተግ፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ «የፈላ ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ቆላ ላይ ከሚዘፈዘፈው ትንሽ ይርዘም።

ለተጋገረው ቅባት ኮስቲክ ሶዳ ያስፈልጋል። ሶዳው ቅባቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ ከሞራ ሳሙና የሚሠራ ሰው የሚያውቀው ያው ነገር ነው። ለ20 ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። መጀመሪያ ሶዳውን በ5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ በጥብጡ። ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውሃው ነው የሚጨመረው፤ ውሃ በሶዳው ላይ ከፈሰሰ ፈልቶ ዓይን ላይ ይረጫል። ከዚያ ብጥብጡን 15 ሊትር ሙቅ፣ ግን ያልፈላ ውሃ ባለበት በርሜል ላይ በዝግታ አፍስሱ። ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ያለማቋረጥ አጥቡ። ዓይን ከሆነ ከዚያ ቀጥታ ሐኪም ቤት። ኮምጣጤ አታድርጉበት።

ሶዳ የሚገባው ግን ብረትና ስቴንለስ ላይ ብቻ ነው። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ሆቴል 8 ፊልተሮች በሶዳ ዘፍዝፌ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ በርሜሉ እንደ ድስት እየተንተከተከ ነበር። ፊልተሮቹ አሉሚኒየም ነበሩ፤ ጠቁረው፣ ተበልተው፣ አንዱ በእጄ ላይ ተሰበረ። የተንተከተከው ሃይድሮጅን ነው፣ እሱ ራሱ ተቀጣጣይ ጋዝ ነው። የ8ቱን ዋጋ ከፈልኩ። ለመለየት ማግኔት አይረዳችሁም፤ ብዙው ጥሩ ስቴንለስም ማግኔት አይስበውም። በእጃችሁ መዝኑት፤ አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ በምስማር ሲጭሩትም ቶሎ ይሰረጎዳል። ለእሱ ሙቅ ውሃና ላርጎ ብቻ። የጋልቫናይዝድ ባልዲም ለሶዳ አይሆንም።

ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ተጠቅሞ ቅባት ማስለቀቅ በየጋራዡ ስለተለመደ ወደ ኩሽናም ገብቷል። አይሆንም። ትነቱ ዳክቱ ውስጥ ታምቆ ይቆይና ጠዋት ምድጃው ሲለኮስ ይጠብቃችኋል። ፊልተርን እሳት ላይ አድርጎ «ማቃጠል»ም እንደዚያው፤ ያጣምመዋል፣ ከዚያ በኋላ በቦታው አይገጥምም፣ በክፍተቱም ነበልባል ያልፋል። በረኪና ቅባት አያወጣም፤ ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያመነጫል።

ሁዱና ዳክቱ

ሕጉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ደረቁን ፋቁ፣ ከዚያ ነው መድኃኒት። ሶዳ 1 ሴንቲ ሜትር ቅባት ላይ ብትረጩት ላዩን ብቻ ሳሙና አድርጎ ይቀራል። ስፓቱላ፣ ረጅም እጀታ ያለው መፋቂያ፣ የሽቦ ብሩሽ። የሽቦ ብሩሹ ለጥቁር ብረት ነው፤ ስቴንለሱን ይቧጭረዋል፣ ጭረቱም በኋላ ቅባት ይይዛል።

ዳክቱ ከላይ ወደ ታች ነው የሚጸዳው። ከታች ከጀመራችሁ ያጸዳችሁት ላይ መልሶ ይወርዳል። ለመድረስ በር ያስፈልጋል፤ ዳክቱ በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ፣ በጎን በሄደበትም በየ3 ሜትር ተኩል ገደማ የሚከፈት መስኮት ሊኖረው ይገባል። አብዛኛው ዳክት የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጽዳት ሁልጊዜ ከብየዳ ሥራ ጋር ይመጣል፤ ግን እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ቅባት ያለበትን ዳክት በግራይንደር መቁረጥ ወይም መበየድ ራሱ የእሳት መነሻ ነው። መጀመሪያ እጅ የደረሰውን ሁሉ ፋቁ፣ የሚቆረጠውን ቦታ በእጅ መጋዝ ወይም በላሜራ መቀስ ክፈቱ፣ ብየዳው ውስጡ ከጸዳ በኋላ ይሁን። በሩ ከዳክቱ ያልሳሳ ላሜራ ይሁን፣ ዙሪያውንም ሙቀት የሚችል ማሸጊያ ይደረግበት።

ደረቁ ከተፋቀ በኋላ የሶዳውን ብጥብጥ በብሩሽ ቀቡ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተዉት፣ እንዳይደርቅ እያያችሁ። ከዚያ በሙቅ ውሃ እጠቡ። በግፊት የሚያጥብ ማሽን ካላችሁ ፈጣን ነው፤ ግን መብራቶቹን ሸፍኑ፣ መጋጠሚያውም በደንብ ካልተበየደ ውሃው ኮርኒሱ ላይ እንደሚፈስ እወቁ። ጨረስን የምትሉት ባዶ ላሜራ ስታዩ ነው። ጥቁሩ ላሜራ መልኩ ጥቁር ስለሆነ ዓይን ይሸነገላል፤ በነጭ ጨርቅ ጠርጉና ጨርቁን እዩ።

የተፋቀው ቅባት በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይሄዳል። እጣቢውን ደጅ ያለው ቦይ ውስጥ አትድፉት። ደብረ ብርሃን ላይ ቦዩ መጨረሻው በሬሳ ወንዝ ነው፣ ከብት ይጠጣዋል፤ የኩሽናው ቅባት ማጣሪያ ጉድጓድ ካለ እዚያ ይግባ።

ፋኑ

ጣሪያ ላይ በሌሊት ብቻችሁን አትውጡ። የጳጉሜን ቆርቆሮ ከዝናብ በኋላ እንደ ሳሙና ነው፣ የኅዳሩ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ውርጭ ይይዛል። እኔ ዳክቱን ማታ፣ ጣሪያውን ፀሐይ ከወጣች በኋላ የምሠራው ለዚህ ነው፤ እስከዚያ ኩሽናው አይከፈትም።

ፋኑ በማጠፊያ ከተገጠመ ዘንበል አድርጉት፣ ካልሆነ ብሎኑን ፈትታችሁ አንሱት። ክንፎቹን እኩል ፋቁ። አንዱ ክንፍ ላይ ቅባት ቀርቶ ሌላው ከነጣ ሚዛኑን ያጣና መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ኩሽኔታውን (ቤሪንጉን) በወራት ይበላዋል። ሞተሩን ውሃ አታስነኩት። ብዙው ሞተር የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይሞቃል፤ ቅባት የለበሰ ሞተር ደግሞ ይብሳል። ከፋኑ ሥር የቅባት መያዣ አድርጉ፣ አለበለዚያ የሚንጠባጠበው ቆርቆሮው ላይ ይከማቻል።

ባለ 3 ፌዝ ሞተር ተፈትቶ ሲመለስ ሽቦው ሊገለባበጥ ይችላል። ወደ ኋላ የሚዞር ፋን ድምፁ ያው ነው፤ ጥቂትም ይስባል፣ ግን አቅሙ ይደክማል። የፋኑ ሽፋን ላይ ያለውን ቀስት ዓይታችሁ ከዙረቱ ጋር አስተያዩ።

ጠዋት

ፋኑን አስነሱና በሁዱ ጠርዝ ዙሪያ የሚጨስ እጣን ይዛችሁ ዙሩ። ጭሱ በየትኛውም ጠርዝ ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። የማይስብ ከሆነ ፋኑን ከመውቀሳችሁ በፊት መስኮቱን ክፈቱ። ደጋ ላይ ብርዱን ሽሽት በሩም መስኮቱም ይዘጋል፤ የሚገባ አየር ከሌለ የሚወጣ ጭስ የለም። አንዲት ምግብ አብሳይ «ልጄ፣ ከታጠበ ወዲህ ባሰበት» ብለው አስጠሩኝ። መስኮቱን ብከፍት ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። «እሱማ ይበርደናል» አሉኝ። ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ ሰው በማይቆምበት ግድግዳ ላይ፣ የአየር ማስገቢያ አስበጀንላቸው።

ደብተር ይኑራችሁ። የጸዳበት ቀን፣ ማን እንደሠራው፣ የቅባቱ ውፍረት ከመታጠቡ በፊት ስንት እንደነበር፣ ያልተደረሰበት ቦታ ካለ የት እንደሆነ፣ ከጽዳት በፊትና በኋላ የተነሱ ፎቶዎች። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ወይም ኢንሹራንስ ሲጠይቅ የምታሳዩት እሱን ነው። «ያልተደረሰበት ቦታ» የሚለውን የማይጽፍ አጽጂ ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩት።

ማጥፊያና የእሳቱ ቀን

ለዘይት እሳት የሚሆነው ማጥፊያ «ክላስ ኤፍ» ወይም በአሜሪካኖቹ አጠራር «ክላስ ኬ» የተጻፈበት ፈሳሽ ኬሚካል ነው። ዘይቱን ያቀዘቅዛል፣ ላዩንም ወደ ሳሙና አረፋ ለውጦ ይከድነዋል፤ ማታ በሶዳ የሠራችሁትን ሥራ እሱ በሰከንድ ይሠራዋል። በየሆቴሉ የተሰቀለው የዱቄት ማጥፊያ ነበልባሉን ያጠፋል እንጂ ዘይቱን አያቀዘቅዝም፤ ዘይቱ ገና ግሎ ስላለ ተመልሶ ይነሳል። ፈሳሽ ኬሚካሉ ከምድጃው በ9 ሜትር ውስጥ፣ ግን ከምድጃው ራስ በላይ ሳይሆን በመውጫው በር አጠገብ ይሰቀል። መርፌው አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየወሩ እዩ፣ በየዓመቱ በባለሙያ አስፈትሹ። ሁዱ ውስጥ የተገጠመው አውቶማቲክ ማጥፊያ ካለ በየ6 ወሩ ይፈተሻል።

መጥበሻ ሲቀጣጠል ጋዙን ዝጉ፣ በብረት ክዳን ከጎን በኩል አንሸራታችሁ ክደኑ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትክፈቱት። ድስቱን አንስታችሁ ወደ ውጭ አትሩጡ። ውሃ በፍጹም፤ ውሃው ዘይቱ ሥር ገብቶ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ 1,700 ጊዜ ያህል ይሰፋና የሚነደውን ዘይት እስከ ኮርኒሱ ይረጨዋል። አውቶማቲክ ማጥፊያ ከሌላችሁ ፋኑን ከሩቅ ባለው ማጥፊያው አጥፉ፣ ነበልባሉን ወደ ዳክቱ እንዳይስበው። ካላችሁ ግን ፋኑን በተመለከተ የገጣሚው መመሪያ ይከበር።

ከፊልተሩ በላይ ጉምጉምታ ከሰማችሁ ወይም የሁዱ ቀለም መለብለብ ከጀመረ እሳቱ ዳክት ውስጥ ገብቷል። ያኔ የእጅ ማጥፊያ አይደርስበትም። ጋዙን ከውጭ ዝጉ፣ ሰው አስወጡ፣ በሩን ከኋላችሁ ዝጉ፣ የከተማውን የእሳት አደጋ ጥሩ። ቁጥሩ ዛሬውኑ በትልቁ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ፤ በእሳት መሃል ስልክ ውስጥ ስም የሚፈልግ ሰው ቁጥር አያገኝም። ከከተማ ወጣ ያለ የመንገድ ዳር ቤት ከሆናችሁ መኪናው እስኪደርስ ኮርኒሱን ከጎን በኩል የሚያይ አንድ ሰው ውጭ አቁሙ።

እሳቱ የጠፋው መጥበሻው ላይ ብቻ ቢሆንም እንኳ ዳክቱ በየበሩ ተከፍቶ፣ ኮርኒሱም በባትሪ ታይቶ፣ ላሜራው በእጅ ሲነካ ቀዝቅዞ ሳይገኝ ምድጃው እንደገና አይለኮስም።